ሦስት ችንካር ወይስ አምስት፦ የፓሽን አበባን እንጨት ላይ የመቅረጽ ማስታወሻ

መጋቢት 7

ልጆች ሆነን ለእንቁጣጣሽ አበባና መልአክ ሥለን ቤት ለቤት እናዞር ነበር። የእኔ አበባ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ አምስት ክብ ቅጠል፣ መሀሉ ቢጫ፣ አንገቱ ቀጥ ያለ አረንጓዴ። ከታላቅ ወንድሜ ኮርጄ ነው። እሱ ደግሞ ከጓደኛው ኮርጆ። ደጅ ላይ አደይ አበባ ሜዳውን አልብሶት እያለ አንዳችንም ጎንበስ ብለን ቅጠሉን አልቆጠርንም። ለምን እንቆጥራለን? ሳንቲም የሚሰጡን ሰዎችም አይቆጥሩ።

ይሄ ትዝ ያለኝ ትናንት ማታ የአንድ ጥንታዊ የዕፅዋት መጽሐፍ ገጾች ኮምፒውተር ላይ ሳገላብጥ ነው። ጆን ፓርኪንሰን የሚባል የለንደን መድኃኒት ቀማሚ በ1629 ያሳተመው ነው (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው፤ የማስታወሻዬ ቀኖች የእኛው)። ሰውየው አንዱን አበባ ሁለት ጊዜ አትሞታል። አንዴ ከቨርጂኒያ የመጣ ሐረግ ብሎ፣ እንደ ማንኛውም ተክል። ሌላ ጊዜ «የኢየሱሳውያን ሥዕል» ብሎ (ኢየሱሳውያን የካቶሊክ መነኮሳት ማኅበር ናቸው)፤ በዚህኛው አበባው ውስጥ ችንካር አለ፣ የእሾህ አክሊል አለ። ያተመው ሊያሞግሰው አይደለም፤ ሊያሾፍበት ነው። ይሄ እውነት ከሆነ ባሕርም በእሳት ይነዳል ዓይነት ነገር ጽፎበታል።

አበባው ፓሽን ነው። ጁስ ቤት የምንጠጣው የፓሽን ፍሩት የቅርብ ዘመድ። ዝርያው ቢለይም የአበባው አሠራር ያው ነው። የጎረቤቴ የእማማ አጥር ደግሞ ከላይ እስከ ታች በፓሽን የተሸፈነ ነው።

እናም ያሰብኩት ይሄ ነው፦ አበባውን አጥሩ ላይ እያየሁ እሥላለሁ፤ ሥዕሉን እንደ ድሮዎቹ እንጨት ላይ ቀርጬ አትማለሁ፤ ከዚያ ከፓርኪንሰን ሁለት ሥዕሎች መሀል አስቀምጬ ወደየትኛው እንደሚያደላ አያለሁ። አሥር ቀን ይበቃኛል።

መጋቢት 9

ምንም አልተሠራም። ከሥራ ስመለስ 11 ሰዓት ላይ ደብተሬን ይዤ ሄድኩ። አበቦቹ በሙሉ እንደተጠመዘዘ ጨርቅ ተጠቅልለው ጠበቁኝ። እማማ በር ላይ ቆመው ሳቁብኝ፦ «አበባ ማታ ይታያል እንዴ? በጠዋት ና።»

ገብቼ አነበብኩ። የእማማ ዓይነት፣ ፍሬው ወይን ጠጅ የሆነው፣ ማለዳ ይከፈትና ቀትር ሳይሆን ይዘጋል። ፍሬው ቢጫ የሆነው ደግሞ ቀትር አካባቢ ተከፍቶ እስከ ምሽት 3 እና 4 ሰዓት ይቆያል። ቢጫውን ተክለው ቢሆን ኖሮ ከሥራዬ ጋር ይስማማኝ ነበር።

መጋቢት 11

ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከሩብ፣ በርጩማ ይዤ አጥሩ ሥር።

ጥቅሉ ላላ፣ ከዚያ ተፈታ። ከሩቅ ነጭ መስሎኝ የኖረው አበባ ከቅርብ ሌላ ነው። አምስት ነጭ ቅጠል፤ በየመሀላቸው ደግሞ ጀርባቸው አረንጓዴ፣ ሆዳቸው ነጭ የሆነ ሌላ አምስት። በእነሱ ላይ የተዘረጋ ፀጉር፦ ከሥሩ ሐምራዊ፣ ወደ ጫፉ ነጭ፣ ጫፉ ላይ እንደተፈታ ሹሩባ የተቆለመመ። ከመሀል አጭር ምሰሶ ይነሣል። ምሰሶው ላይ አምስት ቢጫ ዱቄት ያዘሉ ወንዴዎች ተንጠልጥለዋል፤ እያንዳንዱ እጀታው ላይ የሚወዛወዝ ትንሽ መዶሻ ይመስላል። ከእነሱ በላይ አተር የምታክል አረንጓዴ እንቁላል፣ ኋላ ፍሬ የምትሆነዋ። ከእንቁላሏ አናት ሦስት ዘንግ ወጥቷል፤ ጫፉ የተድበለበለ። እውነቱን ለመናገር የሚስማር ራስ ነው። ማንም ሳይነግረኝ ባየው እንኳ «ሚስማር» የምል ይመስለኛል።

መሣል ስጀምር ሦስቱም ዘንጎች ወደ ሰማይ ቆመው ነበር። እርሳስ ቀርጬ፣ ቅጠሎቹን አስቀምጬ፣ ወደ መሀሉ ስመለስ ጎንበስ ብለዋል። የተሳሳትኩ መስሎኝ አጠፋሁ። እንደገና ሣልኩ፤ የባሰ ወርደዋል። ለካ አበባው እየሠራ ነው። ሦስቱ ዘንጎች፣ ሴቴዎቹ፣ ቀስ እያሉ ወደ ወንዴዎቹ ከፍታ ይወርዳሉ፣ ዱቄት ተሸክሞ የሚመጣው ትልቅ ጥቁር ንብ በመሀል ሲያልፍ ጀርባው እንዲነካቸው። እና «የአበባው ትክክለኛ ሥዕል» የትኛው ሰዓት ላይ ያለው ነው? ለችንካር የሚመቸው የማለዳው ነው። ሁለቱንም ሣልኩ።

ፀጉሩን ለመቁጠር በመርፌ ጫፍ እየለየሁ ሞከርኩ። በአውሮፓ የቆየው ትርጓሜ የእሾህ አክሊሉ 72 እሾህ ነበረው፣ አበባውም 72 አለው ይላል። እኔ አንዴ ስልሳ ምናምን፣ አንዴ ሰማንያ ገደማ አገኘሁ። ረድፉ አንድ አይደለም፤ አጫጭሮቹ ይግቡ አይግቡ ራሱ ያከራክራል። 72 የፈለገ ሰው 72 ያገኛል።

3 ሰዓት ላይ ሥራ ገባሁ፣ አርፍጄ።

መጋቢት 14

እሑድ። እማማ ከቅዳሴ ሲመለሱ አጥራቸው ሥር አገኙኝ። መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ተቀበሉኝ።

«ምኑ ነው እንዲህ ያስለፋህ?»

«ፈረንጆቹ የክርስቶስ ሕማማት ያለበት አበባ ነው ይሉታል፣ እማማ። ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። እነዚህ ሦስቱ ችንካሮቹ ናቸው።»

«ሦስት?»

«ሁለቱ የእጅ፣ አንዱ የሁለቱም እግር።»

ደብተሩን ዝቅ አድርገው አዩኝ። «ችንካሩ አምስት ነው ልጄ። ሳዶር፣ አላዶር፣ ዳናት፣ አዴራ፣ ሮዳስ።» በጣታቸው ቆጠሩልኝ። ከዚያ ወደ አበባው ዞሩ። «ይኸው፣ አምስቱ ተንጠልጥለው የለም እንዴ! ከላይ ያሉት ሦስቱ ሥላሴ ናቸው።»

«አሥሩ ቅጠልስ?»

«አሠርቱ ቃላት ነዋ።»

አውሮፓውያኑ አሥሩን ቅጠል ሐዋርያት ብለውታል። ሐዋርያት ግን አሥራ ሁለት ናቸው፤ ስለዚህ የካደውን ጴጥሮስንና የሸጠውን ይሁዳን ቀንሰው ነው ሒሳቡን የዘጉት። እማማ ማንንም ሳይቀንሱ ጨረሱት። አምስቱን ወንዴዎች እነሱ «አምስቱ ቁስል» ይሏቸዋል፤ ሐረጉ አጥር የሚይዝበት ጠምዛዛ ክር ጅራፍ ነው፣ ምሰሶው የተገረፈበት ዓምድ። አበባው አንድ፣ ቁጥሩም አንድ። መጽሐፉ ግን በየአገሩ ሌላ ይነበባል።

ማታ ስለ ቁጥሩ ነገር ትንሽ ቆፈርኩ። በምዕራቡ የስቅለት ሥዕል ቀድሞ አራት ችንካር ነበር፤ እግሮቹ ተደራርበው በአንድ ሚስማር መመታት እየተለመደ የመጣው ከ13ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ነው። ይህ አበባ ከአዲሱ ዓለም የመጣው ሦስቱ ችንካር ከጸና በኋላ ነው። ከዚያ ቀድሞ ቢመጣ ምን ይሉት እንደነበር እንጃ። የእማማ አምስቱ ስሞችም ሩቅ ተጓዥ ናቸው፦ ሳቶር፣ አሬፖ፣ ቴኔት፣ ኦፔራ፣ ሮታስ ከሚሉት አምስት የላቲን ቃላት የመጡ ናቸው። እነዚህ ቃላት አራት ማዕዘን ሆነው ሲደረደሩ ከፊትም ከኋላም፣ ከላይም ከታችም አንድ ዓይነት ይነበባሉ፤ በ79 ዓ.ም. እሳተ ገሞራ በቀበራት በፖምፔ ግድግዳ ላይም ተገኝተዋል። ከዚያ ተነሥተው እማማ ጣት ላይ እስኪደርሱ ስንት እጅ እንደገለበጣቸው ማሰብ ነው።

መጋቢት 16

ዛሬ ንባብ ብቻ። ዝናብ ዘንቦ አበቦቹ በስብሰዋል።

ነገሩን በአውሮፓ ካስተዋወቁት አንዱ ያኮሞ ቦሲዮ ነው፤ በ1610 ሮም ላይ ስለ መስቀል ትልቅ መጽሐፍ አሳትሟል። አበባውን በዓይኑ አላየም። ከሜክሲኮ የመጡ መነኮሳት ሥዕል አሳዩት፣ አስረዱት። መጀመሪያ ማመን ከብዶት ነበር፤ የሚነግሩት ሰዎች ሲበዙ ግን ተቀበለ። ሥዕሉ ከዚያ ወዲህ ከቅጂ ቅጂ እየተሻገረ ሄደ፤ በየቅጂው ክሩ እሾህ፣ ዘንጉ ሚስማር እየሆነ። የስዊድኑ የዕፅዋት ሊቅ ሊኒየስ በ1753 ተክሉን በሳይንስ ስም ሲመዘግብ እንኳ «ፓሲፍሎራ» አለው፣ የሕማም አበባ። ጁስ ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ ከፓሽን ፍሩት ጎን የሚለጠፈው ቀይ ልብ ከየት እንደመጣ አላውቅም።

ፓርኪንሰንም ንጹሕ አይደለም። በእነሱ አበባ የሳቀው ሰው የገዛ መጽሐፉ የፊት ገጽ ላይ ገነትን አስሥሏል፤ አዳምና ሔዋን አሉ፣ ከጀርባ ደግሞ ግንድ ላይ የበቀለች በግ አለች። አዎ፣ በግ። ከታታር አገር ትበቅላለች ይባል የነበረችው።

የቅጂን ነገር ቀድሞ የተናገረው ሮማዊው ፕሊኒ ነው፣ በ1ኛው ክፍለ ዘመን። የግሪክ ሐኪሞች ዕፅዋትን በቀለም ሥለው ከሥሩ ጥቅማቸውን ይጽፉ ነበር ይላል፤ ችግሩ ግን ቀለሙ ብዙ ነው፣ የገልባጮቹ እጅም ሥዕሉን ያበላሸዋል። ከዚያ ወዲህ ለአንድ ሺህ ዓመት የሆነው በአብዛኛው ይኸው ነው።

ማንድራጎራ የሚባለውን ሥርም አየሁ፤ ከዚያ ገጽ መውጣት አቃተኝ። ሥሩ ሁለት እግር ያለው ሰው ስለሚመስል ሠዓሊዎቹ ፊትና ፀጉር ይጨምሩለታል። ሲነቀል ይጮኻል፣ ጩኸቱን የሰማ ይሞታል ስለተባለ በውሻ ይነቀላል፤ በ512 አካባቢ ቁስጥንጥንያ ውስጥ ለልዕልት አኒኪያ ዩልያና በተሠራው፣ ዛሬ ቪየና በሚገኘው የግሪካዊው ሐኪም የዲዮስቆሪዴስ ብራና ላይ ውሻው ከሥሩ ጋር ተሥሏል። በእውነት ኃይለኛ ተክል ነው፤ ዲዮስቆሪዴስ ራሱ አካላቸው ሊቆረጥ ለተዘጋጀ ሕሙማን በወይን ይሰጣል ብሎ ጽፏል። ኦሪት ዘፍጥረት ምዕራፍ 30 ላይ ሮቤል ከእርሻ አምጥቶ ራሔልና ልያ የተጣሉበት ተክል በብዙዎቹ ትርጉሞች ይኸው ማንድራጎራ ነው። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ ግን «እንኮይ» ይለዋል። እኔ ዕድሜዬን በሙሉ ሮቤልን የማስበው በአፉ የእንኮይ ፍሬ እየመጠጠ ሲመጣ ነው። ተርጓሚው አንባቢው የሚያውቀውን ዛፍ ተከለለት። አልፈርድበትም፣ እኔም ያንን ነው የምወደው።

መጋቢት 18

ወደ ሥራ። አናጢ ቤት ሄጄ የዋንዛ ቁራጭ ጠየቅኩ። «ለምን?» አለኝ። አበባ ልቀርጽበት ነው ስለው በነፃ ሰጠኝ፤ ያዘነልኝ ይመስለኛል። በአውሮፓ ለዚህ የሚመርጡት ፒር የሚባለውን የፍሬ ዛፍ እንጨት ነበር፣ ልሙጥና ጥቅጥቅ ስለሆነ። እኔ ያገኘሁት ዋንዛ ነው። በብርጭቆ ወረቀት ፈግፍጌ መስታወት አስመሰልኩት።

ሥዕሉን በካርቦን ወረቀት አሳረፍኩ። በ1542 ባዝል ላይ ሊዮንሃርት ፉክስ ባሳተመው የዕፅዋት መጽሐፍ መጨረሻ የሦስት ሠራተኞች ምስል አለ፦ ከተክሉ የሚሥለው አልብሬክት ማየር፣ ወደ ጣውላው የሚያሻግረው ሃይንሪክ ፉልማውረር፣ የሚቀርጸው ፋይት ሩዶልፍ ሽፔክሌ። በዚያ ዘመን የእጅ ሠራተኛን መልክና ስም መጽሐፍ ላይ ማኖር ትልቅ ክብር ነው። እኔ ሦስቱንም ሆኜ ነው የምሠራው፤ ሦስታችንም እርስ በርስ መወነጃጀል ጀምረናል። ሠዓሊው «ክሩን አሳምሬ ሰጥቻችኋለሁ» ይላል። ቀራጩ ገና ከአሁኑ ፊቱን አጥቁሯል።

መጋቢት 21

አሁን ገባኝ። ይሄን ገጽ በደንብ ልጽፈው።

በዚህ ዓይነት ህትመት ቀለም የሚይዘው ሳይቆፈር የቀረው ነው፤ ተቆፍሮ የወጣው ነጭ ይሆናል። አንዲት ቀጭን መስመር ለማግኘት ግራና ቀኟን ቆፍረህ እሷን እንደ ግድግዳ ማቆም አለብህ። የአበባው ቅጠሎች አላስቸገሩም። ምሰሶውም በቀላሉ ወጣ። ሦስቱ ዘንጎች ቆንጆ ሆኑ። ከዚያ ፀጉሩ መጣ።

ከእንጨቱ ጅማት ጋር የሚሄዱት ክሮች ቆሙልኝ። ጅማቱን የሚያቋርጡት ግን ገና ወስፌው ሲጠጋቸው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈሩ። አራቱን አጣሁ፣ ከዚያ ሰባቱን። ቁልምምታቸውንማ ተወው፤ ጠመዝማዛ መስመር አንዴ ከጅማቱ ጋር፣ አንዴ በጅማቱ ላይ ይሄዳል፣ በየመታጠፊያው ይሰበራል። አንድ ሰዓት ታግዬ ተሸነፍኩ። ክሮቹን ቀነስኳቸው፤ ከሰባ ወደ ሃያ አራት። ቀጥ አደረግኳቸው። እንዳይሰበሩ ከሥራቸው አወፈርኳቸው፣ ወደ ጫፍ እያቀጠንኩ አሾልኳቸው።

ሻይ አፍልቼ ስመለስ ጣውላው ጠረጴዛው ላይ ቁጭ ብሎ አየኝ። የእሾህ አክሊል ነው!

ማንም አላዘዘኝም። መነኩሴ አልነገረኝም፤ እንዲያውም ከፓርኪንሰን ጋር ወግኜ ነበር የጀመርኩት። እምነት የለበትም ልል አልችልም፤ እነ ቦሲዮ እሾህ ብለው ቃሉን ሰጥተውታል፣ ሥዕሉም ከዚያ ወዲህ ቃሉን አገልግሏል። ግን የለፋ ቀራጭ ለስላሳ ፀጉርን ምን ያደርገዋል? እሾህ። ቃሉና ቢላው ወደ አንድ ቦታ ነው የሚገፉት። ይሄንን ኮምፒውተር ላይ ገጽ እያገላበጥኩ አልደርስበትም ነበር።

አውራ ጣቴ ተቆርጧል፣ ለመዝገቡ።

መጋቢት 22

ህትመት። የማተሚያ ቀለም ማተሚያ ቤት ከሚሠራ ወዳጄ በብልቃጥ አገኘሁ። ወረቀቱን አርጥቤ፣ ጣውላው ላይ አንጥፌ፣ በማንኪያ ጀርባ ፈተግኩ። የመጀመሪያው ጭቃ ሆነ። ሁለተኛው ገረጣ። ሦስተኛው ወጣ።

እና ከሥሩ በኩራት የቀረጽኩት «ሕማማት» የሚለው ቃል ተገልብጦ «ትማማሕ» ሆኖ ታተመ፤ ፊደሎቹም ፊታቸውን አዙረው። ሐረጉ ሲገለበጥ ያላስተዋልኩትን ፊደሉ ነገረኝ፦ የአጥሩ ሐረግ የሚጠመዘዝበት አቅጣጫም ተገልብጧል። እንደ ሳቶሩ አራት ማዕዘን ከሁለቱም ወገን የሚነበብ ቃል መምረጥ ነበረብኝ። ቃሉን በመሮ አንሥቼ ጣልኩት።

መጋቢት 25

ሁለተኛ ሙከራ፣ በወይራ። ገበያ እንስራ ለማጠን የሚሸጠውን ወይራ ገዛሁ፤ ሻጯ እንጨቱን እያሻሸሁ ስመርጥ «ለማጠን መልኩ ምን ያደርግልሃል?» አለችኝ። ጉማጁ ጠባብ ስለሆነ የአበባው መሀል ብቻ ነው የሚያርፍበት። ወይራ ድንጋይ ነው። ሁለት ምላጭ ሰበረብኝ። ግን የያዘውን ይይዛል፦ ቀጭን ክር ቆመ፣ ቁልምምታውም ግማሽ በግማሽ መጣ። ሲታተም ፀጉር ነው፤ እሾህ የሚለው ሰው አይገኝም። አበባው ይሄ ነው።

ቀለም የቀባሁት በማግስቱ ነው፣ በውሃ ቀለም፣ ሐምራዊውን ከሥሩ ብቻ። ፉክስ ሠራተኞቹ ጥላና ማስዋቢያ እንዳይጨምሩ የከለከለው ለምን እንደሆነ ስቀባ አየሁት፤ ንጹሕ መስመር ከሆነ ቀለሙ ቦታውን ያውቃል። የዋንዛው ላይ ግን ሐምራዊው ከእሾሆቹ ሥር ሾልኮ ወደ ነጩ ቅጠል ፈሰሰ። አልጠረግኩትም።

መጋቢት 27

ጥንተ ስቅለት። ቅዳሜ ነው፣ ሥራ የለም። እማማ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ሁለቱን ህትመት ይዤላቸው ሄድኩ፤ የአጥራቸው ውለታ ነው፣ አንዱን ይምረጡ ብዬ። በልቤ የወይራው እንደሚሆን አውቄ መጠቅለያ ሁሉ አዘጋጅቻለሁ።

የወይራውን አዩት። «ጎበዝ፣ ቁርጥ አጥሬ ላይ ያለው» አሉና አስቀመጡት። የዋንዛውን አነሡ፤ እሾሃሙን፣ ቀለሙ የፈሰሰውን። ዝም ብለው ቆዩ። ከዚያ ተሳለሙት።

«ይሄን ነው የምሰቅለው።»

«እማማ፣ እሱ እኮ እንጨቱ እየተሰበረ ነው እንደዚያ የወጣው። ቀለሙም አምልጦኝ ነው።»

«ይሁና።» ወደ መስኮቱ አስጠጉት። በጣታቸው መሀሉን ነኩ። «ችንካሩን ግን ሦስት አድርገህብኛል። አምስቱን ከላይ ብታቆማቸው ምን አለበት?»

«አበባው ላይ ከላይ ያሉት ሦስት ናቸው።»

«አውቃለሁ። ዓይን አለኝ እኮ።»

ሰኞ ከሥራ ስወጣ በአናጢው በኩል አልፋለሁ። ሌላ ቁራጭ ዋንዛ ካለው።